ለአባቴ የጥይት መሙያ ስመርጥ

አባቴ ሳያስነግሩ መጥተው አያውቁም። ከአንበሳሜ ባሕር ዳር የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከሳምንት በፊት በጎረቤት ስልክ አስደውለው፣ ምን ይዘው እንዲመጡ ጠይቀው ነው። ያን ቀን ግን የግቢው በር ሲንኳኳ ከፍቼ ሳይ፣ በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ አንዲት የምስር ከረጢት በብብታቸው ሸጉጠው ቆመዋል። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ከረጢቱን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉት።

«ተወው፣ እኔው እይዘዋለሁ» አሉ።

ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ እዚህ አንድ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጥራ መጥታ ነው የተገናኘነው። የአምስት ዓመቷ ልጃችን ከአከራያችን ሴትዮ ጋር ጓሮ ትጫወታለች። አባቴ እግራቸውን ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ በሩን ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት። ከረጢቱን ፈትተው ምንጣፉ ላይ ሲዘረግፉት ከምስሩ ጋር የነሐስ ቀለሃዎች እየተንኳኩ ወረዱ። የተተኮሱ፣ አፋቸው የጠቆረ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የጥይት ቅርፊቶች ናቸው። ሠላሳ ስድስት ነበሩ።

«ከየት መጡ?» አልሁ። ድምፄን ዝቅ ማድረጌን ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

«የእኔው ናቸው። የምንሽሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተኮስኋትን ሁሉ ቀለሃዋን አንሥቼ አስቀምጣለሁ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር።»

ምንሽሩን አውቀዋለሁ። ከአያቴ የወረሱት፣ በቀበሌ የተመዘገበ፣ ወረቀት ያለው ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ግን ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

«የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳየኝ» አሉ። «ባዶ ቀለሃ መልሶ የሚሞላ ብረት አለ። እጀታውን ስትጫነው ጥይት ሆኖ ይወጣል። ዓይነቱ ብዙ ነው አለኝ፤ የቱ እንደሚሻል እሱም አያውቅ። አንተ የብረት መምህር ነህ፤ የሚሆነውን ምረጥልኝ።»

«ለምን ፈለጉት?»

«ዝንጀሮው በቆሎዬን ጨረሰው።»

እውነት ነው፣ ሥራዬ ማሽን ነው። በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ብረት መቅረጫና መጫኛውን፣ ቶርኖና ፕሬስ፣ አስተምራለሁ። ዘመድ ወፍጮ ሊገዛ ሲያስብ፣ ጎረቤት ብየዳ ማሽን ሲያማርጥ፣ አልፎ አልፎ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር፣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አባቴ ግን አንድም ቀን ይህን አድርግልኝ ብለውኝ አያውቁም። ሲታመሙ እንኳ እኛ የምንሰማው ከዳኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳላስበው፣ «እሺ፣ እመርጥልዎታለሁ» አልሁ።

«ኬላውን እንዴት አለፉ?» አልኋቸው።

«ምስር የያዘ ሽማግሌ ማን ይፈትሻል?»

በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ቀለሃዎቹን በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ጨምሬ፣ በላዩ አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ከአልጋችን ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋሁት። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ነገ እነግራታለሁ እያልሁ ቀን ይገፋ ጀመር። ጊዜው እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረም። በከተማው መውጫና መግቢያ ሁሉ ፍተሻ አለ፤ አንዳንዴም ሰፈር ለሰፈር ቤት ይፈተሻል። በር ሲንኳኳ ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ነው ማን ነው የሚለው።

ቢሆንም መምረጡን ጀመርሁት። በምሳ ሰዓት ተማሪዎቹ ከወርክሾፑ ሲወጡ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ተቀምጬ በስልኬ አያለሁ። ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው በአንድ ጊዜ አንድ ቀለሃ ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ አዝጋሚ ነው፣ ግን እያንዳንዷን በዓይንህ እያየህ ታልፋታለህ። የሁለተኛው አናት ይሽከረከራል፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሄድ ምንም መፍታት አያስፈልግህም። ሦስተኛው እጀታውን በሳብህ ቁጥር ያለቀ ጥይት ይጥልልሃል። ሦስተኛውን ወዲያው ተውሁት። ብዙ ሥራ አንድ ላይ የሚሠራ ማሽን ስሕተቱንም አንድ ላይ ያበዛዋል፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ለአባቴ እጅ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው አልሁ። ቀጥሎ የቁመናው ነገር መጣ። ፊቱ ክፍት የሆነው ለእጅ ይመቻል፤ ነገር ግን ኃይል ሲያርፍበት በጥቂቱ ይከፈታል። ዙሪያውን የተዘጋው አይከፈትም። የሚከፈት ብረት ደግሞ ልክ አይጠብቅም።

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሁለት ሦስት ቀን ምን እየመረጥሁ እንደሆነ ረስቼ፣ እንዴት እንደምመርጥ ብቻ ሳስብ ሰነበትሁ። በወረቀት ሥዕል እስከ መሳል ደርሼ ነበር። አንድ ቀን የእጀታውን ዘንግ እየሳልሁ ሳለ እጄ ቆመ። ይህን ዘንግ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ የመጡ አንድ ጀልባ ሠሪ፣ የሞተር ኩሽኔታ መግጠሚያ ብረቴ እጀታ ተሰበረብኝ ብለው ስባሪውን አምጥተውልኝ፣ በቶርኖ አዲስ ሠርቼላቸው ነበር። አሁን ስልኬ ላይ የማየው የእሱ ወንድም ነው። የእሳቸው ብረት ኩሽኔታ ለመግጠም የተሠራ አልነበረም።

ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትሁት። በዚያው ሰሞን ስልኬ ራሱ ነገር ያመጣልኝ ጀመር። ለልጄ ቦርሳ ልፈልግ ስከፍተው ስለ ባሩድ ይነግረኛል። ያየሁትን ሁሉ አጠፋሁ፤ የጠፋ ነገር የት እንደሚሄድ ግን አላውቅም። ተማሪ ስልኬን ለሰዓት ብሎ ሲያነሣው ከእጁ እነጥቀዋለሁ።

የሕግ መምህር የሆነ ባልደረባ አለኝ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ፣ «ፈቃድ ያለው ሰው ለጠመንጃው የሚሆን ጥይት ቤቱ ቢሞላ ያስጠይቃል?» አልሁት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን ነው የሚሞላው?»

«ማንም። ለማወቅ ያህል ነው።»

«ጠመንጃ መያዝ አንድ ፈቃድ ነው። ጥይት መሥራት ሌላ ነው። ለሁለተኛው ፈቃድ ያለው ገበሬ እኔ አላየሁም።» ዙሪያውን ቃኘት አደረገ። «ይህን ለስንት ሰው ጠየቅህ?»

«ላንተ ብቻ።»

«እንግዲያው እኔንም አልጠየቅኸኝም» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። አባቴን አይሆንም ማለት ግን አልቻልሁም። ቃል ገብቻለሁ፣ ደግሞም ለምን እንደማይሆን በስልክ ልነግራቸው አልችልም። ቃሉን ራሱን በስልክ ማንሣት ፈራሁ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ፣ ገና ከመታጠፊያው፣ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ልጄ የግቢው በር ደፍ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ቀለሃ ከታችኛው ከንፈሯ ሥር አስደግፋ በቀለሃዋ አፍ ላይ ትነፋለች፤ ልክ እንደ ፊሽካ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ከመንገዱ ማዶ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ቆሞ ያያታል። ሮጥሁ ማለት እችላለሁ። ቀለሃዋን ከእጇ ወስጄ ኪሴ ስከት ሰውዬው መንገዱን ቀጠለ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአልጋ ሥር» አለች ልጄ። «ብዙ አለ እኮ።»

ቀና ስል ባለቤቴ የቤታችን በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች። ገብተን ዘጋን። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እና አንተ እሺ አልካቸው» አለች።

«ምን ልበል?»

«ነገ ቤት ቢፈተሽ የሚወሰደው ማን ነው? አባትህ ናቸው?»

«ሐይቅ ውስጥ ልጣለው» አልሁ።

ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ነው አምነው የሰጡህ። የሰው አደራ ሐይቅ ውስጥ አይጣልም። እዚህ ቤት ግን አይቀመጥም።»

እስከ እሑድ ጊዜ ስጪኝ አልኋት። ነገ ቁንዝላ ሄጄ አንድ ብረት አይቼ፣ አንድ ሰው አነጋግሬ ልምጣ፤ ስመለስ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም እላለሁ። ልጃችንን አቅፋ ተኛች።

ቅዳሜ ማለዳ በዕቃ ጫኝ ጀልባ ተሳፈርሁ። ሳሙናና ጨው ጭኖ የሚሄድ፣ ሽንኩርት ይዞ የሚመለስ ጀልባ ነው። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ ግን በየደሴቱ አጠገብ ባለፍን ቁጥር ልጄ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ስትነፋ ነው የሚታየኝ። ቆርቆሮውን የት አዛውሬ እንደ መጣሁ ረስቼ ሁለት ጊዜ ደነገጥሁ፤ ከዚያ እንዳላዛወርሁት፣ እዚያው አልጋ ሥር እንዳለ ትዝ ይለኛል።

ጀልባ ሠሪው ሐይቁ ዳር፣ ከሾላ ሥር፣ ግማሽ የደረሰ ጀልባ እየጠረቡ አገኘኋቸው። ሐጂ ነው የሚሏቸው። አወቁኝ። ያ የሠራሁላቸው ዘንግ እስከ ዛሬ እንዳልላላ እየነገሩኝ ወደ መጋዘናቸው ወሰዱኝ። ብረቱ በወፍራም ጣውላ ላይ በሦስት ቡሎን ታስሮ ተቀምጧል። ዙሪያውን የተዘጋ፣ ከባድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ። እጀታውን ሳብሁት። አልተንገዳገደም። በስልኬ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ደግሜ ሳብሁት።

«ሐጂ፣ ይህ ኩሽኔታ መግጠሚያ አይደለም» አልሁ።

«አሁን ነው። ድሮ አልነበረም» አሉ። «እንዴት አወቅህ?»

ነገርኋቸው። የአባቴን ጉዳይ ከባለቤቴ ሌላ የነገርሁት ለእሳቸው ብቻ ነው፤ እንደ ሕግ መምህሩም አልተነሡም። መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ።

«የታላቅ ወንድሜ ነበር» አሉ። «ቆላ ወርዶ ከውጭ አገር አዳኞች ጋር መንገድ መሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሲሄዱ ትተውለት ሄዱ። ለዓመታት ሞላበት። ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይመጣ ነበር። እጁ ጠንቃቃ ነው፤ እንደኔ ችኩል አልነበረም። አንድ ቀን እዚሁ ሐይቅ ዳር ሲተኩስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ተከፈተበት። ቀኝ ዓይኑ ወዲያው ጠፋ። ግራው ከዓመት በኋላ ተከተለው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«አላወቅንም። ወይ ባሩዱ ሁለት ጊዜ ገብቶበታል፣ ወይ ባሩዱ የሌላ ጥይት ነበር፣ ወይ ቀለሃው አርጅቷል። እሱ እስኪሞት ሲያስበው ኖረ። የትኛዋ እንደሆነች ባውቅ ኖሮ ይለኝ ነበር።»

ኪሴ ውስጥ የቀረችውን፣ ከልጄ የቀማኋትን ቀለሃ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ በጥፍራቸው አንገቷን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ለእኔ መልሰው፣ «እዚህ ጋ ዳስሳት» አሉኝ። ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። እኔ የብረት መምህሩ፣ ሳምንት ሙሉ ማሽን ሳማርጥ፣ ቀለሃዎቹን አንድ ጊዜ እንኳ አገላብጬ አላየሁም።

«የሚተኩሱት አባትህ ናቸው?»

«አዎ።»

«ዕድሜያቸው?»

«ሰባ አምስት አልፏቸዋል።»

እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። «ብረቱን አልከለክልህም» አሉ። «ውሰደው፤ ካልሆነህ ትመልሰዋለህ። የመጀመሪያዋን ግን አንተ ተኩሳት። ጉንጭህን አስደግፈህ፣ ዓይንህን ገልጠህ። ያን የምታደርግ ከሆነ ለአባትህ ስጣቸው።»

ያን ማታ እሳቸው ቤት አደርሁ። ዓሣ አብልተው ፍራሽ አነጠፉልኝ። እሑድ ጠዋት ብረቱን በሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ከትቼ ጀልባው ላይ ጫንሁ። ለምን ወሰድሁት? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ባዶ እጄን መመለስ አልፈለግሁም፤ ደግሞም ብረቱ ጥሩ ብረት ስለነበረ ነው። ጥሩ ማሽን ሳይ ልቤ ይሸነፋል።

ባሕር ዳር ስንወርድ መውረጃው ላይ ፍተሻ ነበር። በአካባቢው አዲስ ነገር አልነበረም። ወጣቱ ፈታሽ ጆንያውን ሊያነሣው ሞክሮ አስቀመጠው።

«ሽንኩርት ነው ይሄ?»

«ፕሬስ ነው» አልሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ፊቱ ተለወጠ። «ፕሬስ? ጋዜጠኛ ነህ?»

«አይ፣ አይ። የብረት ፕሬስ። ኩሽኔታ መግጠሚያ ነው። የኮሌጅ መምህር ነኝ።»

ጆንያውን ፈትቶ አየው። እጀታውን ከፍ ዝቅ አደረገው። የማውቀውን ሁሉ ጸሎት በልቤ አልሁ። ኪሴ ውስጥ ያቺ የተሰነጠቀች ቀለሃ እንዳለች ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እጄን ወደ ኪሴ ላለመስደድ ጆንያውን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«መታወቂያ» አለ። ሰጠሁት። አየው፣ እኔን አየ፣ መልሶ ሰጠኝ። «ሂድ። ከባድ ነው፣ ባጃጅ ያዝ።»

ባጃጅ ያዝሁ። ያቺን ቀለሃ መንገድ ላይ ልጥላት አሰብሁ፤ ሹፌሩ እንዳያየኝ ፈርቼ ተውሁት።

ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። አከራያችን ሴትዮ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«ትናንት አንተ እንደ ወጣህ ልጅቱን ይዛ ሄደች» አሉኝ። «ዘንቢል ይዛ ነበር። የት ብዬ አልጠየቅሁም።»

በራሴ ቁልፍ ከፈትሁ። ከአልጋው ሥር ገባሁ። ቆርቆሮው የለም። ስልክ ደወልሁ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በቅደም ተከተል አሰብሁ። ተፈትሸው ይሆናል። ተይዛ ይሆናል። ወይም ለማንም ሳትነግር ወደ ሐዋሳ ሄዳለች፤ ይሁን፣ ግን ቆርቆሮውን ምን አደረገችው? የቤቱ ዕቃ ሁሉ በቦታው ነው። የልጄ ኮትና የባለቤቴ ነጠላ ብቻ የለም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ።

ከአንበሳሜ የሚመጣውን አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ሁለት መጥተው አራገፉ፤ የሉም። ሦስተኛው ሲቆም መጀመሪያ የወረደችው ልጄ ናት። አያቷ የሰጧትን ሸንኮራ አገዳ ይዛለች። ቀጥላ ባለቤቴ ወረደች፤ ዘንቢሏ ቀሏል። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«መለስኩላቸው» አለች።

ወደ ሐይቁ ዳር ሄደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ልጃችን አገዳዋን ትመጥጣለች። ቀለሃዎቹን የቆሎ ቆርቆሮ ታች አድርጋ፣ ቆሎውን ከላይ ሞልታ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው የሄደችው። አንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ አንድ እፍኝ ዘግኖ እየቆረጠመ አለፈ አለች።

«እንዴት ደፈርሽ? ልጅቷን ይዘሽ?»

«ቤት ብቀመጥ በየሰዓቱ ልፈራ ነው። መንገድ ላይ የፈራሁት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ ለምን እንደፈለጉት ነገሩኝ። ዝንጀሮ አይደለም።»

አባቴ ለእኔ ያልነገሩኝን ለእሷ ነግረዋታል። አማርኛዋ የእኛ አገር አይደለም፤ እሳቸው ሲናገሩ ግማሹን እየገመተች ነው የምትሰማው። ምናልባት ለዚያ ይሆናል የቀለላቸው። የአባቴ ሚዜ ታመዋል። በሠርጋቸው ቀን አጠገባቸው የቆሙት፣ ከአምሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት ሰው ናቸው፤ እኔም አውቃቸዋለሁ፣ ፈረስ ላይ መቀመጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገና ጎረምሶች ሳሉ ሁለቱ ተማምለዋል፤ ቀድሞ ለሞተው፣ የቀረው በቀብሩ ላይ ሦስት ጊዜ ይተኩስለታል። አባቴ የቀራቸው ጥይት ሁለት ነው።

«ሁለት?» አልሁ።

«ሁለት። ለሠላሳ ስድስቱም አልነበረም ያ ሁሉ። አንድ ናት የጎደለቻቸው።»

ብረቱን በሳምንቱ ለሐጂ መለስሁ። ቡሎኖቹን አብረን አሰርን። ያቺን የተሰነጠቀች ቀለሃ ግን ለአባቴ ልመልስላት ይዣት አንበሳሜ ወረድሁ። አባቴን በረት ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ቀለሃዋን ሰጥቼ ስንጥቋን አሳየኋቸው። ዓይናቸው አላየላቸውም፤ ጥፍራቸው ግን አገኛት።

«ጠመንጃው ፊትዎ ላይ ይፈነዳ ነበር» አልሁ። «ለምን እውነቱን ለእኔ አልነገሩኝም?»

መጥረጊያቸውን አስደገፉ። «አንተ ማሽን ታውቃለህ ብዬ መጣሁ» አሉ። «ስለ ሞት ከልጄ ጋር ምን እናወራለን?»

«ለእሷ ነግረዋት የለ?»

«እሷ ልጇን አቅፋ፣ ያን ጉድ ጭኗ ላይ አድርጋ እዚህ ድረስ መጣች። ምን ብዬ ልዋሻት?»

የአባቴ ሚዜ ከወር በኋላ አረፉ። ለቀብሩ ሄድሁ፤ ባለቤቴም ፈቃድ ጠይቃ መጣች። መንገዱን ሁሉ የፈራሁት ተኩሱን ነው። አባቴ ሁለቱን ይተኩሱ ይሆን? በዚህ ጊዜ ተኩስ የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ሰዉ ይሸሻል፣ ወይ ሌላ ተኩስ ይመልሳል፣ ወይ በማግስቱ ማን ተኮሰ ተብሎ ይጠየቃል። የአባቴ ቤት ስገባ ምንሽሩ ከግድግዳው ወርዶ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ሁለቱ ጥይቶች በጨርቅ ተቀምጠዋል።

ከቀብሩ በፊት ሁለት የአገር ሽማግሎች መጡ። ቁጭ ሳይሉ ተናገሩ። «ወዳጅህ ነው፣ እናውቃለን። ዘንድሮ ግን ይቅር። ሕፃናት አሉ። ያልቃሾቹን ልብ አታስደንግጥብን።»

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «ማልሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«መሐላው በእኛ ላይ ይሁን» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

አባቴ ጠመንጃውን መልሰው ሰቀሉት። ጥይቶቹን በጨርቁ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱ። ባዶ እጃቸውን፣ በትራቸውን ብቻ ይዘው ሬሳውን ተከተሉ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ ወደ ቤት ተመልሰው ጠመንጃውን ሊያወርዱት ነው እያልሁ እስከ መጨረሻው ጀርባቸውን አየሁ። ፍትሐቱ አለቀ፤ አፈሩ ተመለሰ። ሰዎች ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲሄዱ እሳቸው መቃብሩ ራስጌ ቆመው ቀሩ። በትራቸውን መሬት ላይ ሦስት ጊዜ መቱት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላደረጉም። ቆመው ብቻ አለቀሱ። አባቴን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ክንዳቸውን ይዛቸው ነበር። እኔ ከጎናቸው እሄዳለሁ።

«እንኳንም አልተኮስሁ» አሉ፣ ለማንኛችን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ሁለት ብተኩስ ኖሮ ሦስተኛዋ መጉደሏን ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያስደውሉ ድምፃቸውን እስክሰማ እፈራለሁ። ስለ ዝናብ ይነግሩኛል፣ ስለ ላሟ ይነግሩኛል፣ ባለቤቴን አቅርብልኝ ይላሉ። ከሁለቱ የቀሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲሞቱ የሚተኩስላቸው ሰው የለም። በዚህ ነገር ምን እንደሚሹ አልነገሩኝም። እኔም እስካሁን ለመጠየቅ አልደፈርሁም።